ስለ ሆምጣጣነት

በግዕዝ ቋንቋችን ሆምጣጣ ነገር የሚጠራበት ሥር «ብሕአ» የሚለው ግስ ነው። ከዚህ አንድ ሥር ሁለት ስሞች ይወጣሉ። አንዱ «ብሑእ» ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 13 ጌታችን ለመንግሥተ ሰማያት ምሳሌ ያደረገው፣ አንዲት ሴት ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት የሸሸገችው እርሾ በግዕዙ ንባብ በዚህ ስም ተጠርቷል። ሁለተኛው «ብሒእ» ነው፤ ይህም በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 27 በሰፍነግ ተመልቶ፣ በመቃ ጫፍ ተደርጎ፣ በመስቀል ላይ ወደ ዋለው ጌታ አፍ የቀረበው ሆምጣጤ ነው። እንግዲህ እርሾና ሆምጣጤ፣ የመንግሥቱ ምሳሌና የቀራንዮ መጠጥ፣ በቋንቋ ረገድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይህን የቃል ዝምድና ቋንቋ ዐዋቂ ብቻ የሚደሰትበት ጥቃቅን ነገር አድርገን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን ሊጥ ያቦካች፣ ጠላም የጠመቀች እናት ሁሉ እንደምታውቀው፣ ምግብ የሚሆነውና የሚበላሸው ሲጀምሩ መንገዳቸው ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያዩት እያደሩ ነው። ስለ ሰው ጠባይም በዚህ ጽሑፍ ልንናገር የምንወድደው ይህንኑ ነው።

አስቀድመን ጣዕምን ከጣዕም እንለይ። መራራ ነገር ምሬቱ ከተፈጥሮው ነው። ኮሶ ገና በዛፉ ላይ ሳለ ኮሶ ነው፤ ሬትና ግራዋም ለጋ ሆኑ ደረቁ ምሬታቸውን አይለቁም። ጨው ከአፋር ምድር በአሞሌ ተቈርጦ ሲመጣ ጨው ነው፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ያው ጨው ነው። ማርም በደኅና ተከድኖ ቢቀመጥ ዘመን አይለውጠውም። የሆምጣጣ ነገር ጠባይ ግን ከእነዚህ ልዩ ነው። ብዙውን ጊዜ ዛሬ ሆምጣጣ የሆነው ነገር ትናንት ሆምጣጣ አልነበረም፤ ወይም ነገ አይሆንም። ጧት የታለበ ወተት ጣፋጭ ነው፤ በቅል ውስጥ ሲያድር ይረጋል፣ ይሆመጥጣል። የወይን ፍሬ ሳይበስል ጮርቃ ነው፤ ሲበስል ይጣፍጣል፤ ተጠምቆ የዕቃው አፍ ክፍት ከተተወ ደግሞ ሆምጣጤ ይሆናል። ስለዚህ መራራነት የባሕርይ፣ ሆምጣጣነት ግን የጊዜ ነገር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። አንድን ነገር ሆምጣጣ ነው ስንል፣ ገና ነው ማለታችን ነው፤ ወይም ጊዜው አልፎበታል ማለታችን ነው፤ ወይም ደግሞ ጊዜው ደርሷል ማለታችን ነው፤ የከበረውም ይህ የመጨረሻው ነው።

የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ስለዚሁ ጉዳይ ያገኙት ነገር አለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በስዊድን አገር መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ካርል ቪልሄልም ሼሌ በ1780 ከሆመጠጠ ወተት፣ በ1784 ደግሞ ከሎሚ ጭማቂ፣ ሆምጣጣ የሚያደርጋቸውን አሲድ ለይቶ አወጣ። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1857 ወተትን የሚያሆመጥጠው ለውጥ በዐይን የማይታይ ሕያው ፍጥረት ሥራ መሆኑን አስረዳ፤ ቀጥሎም በ1860ዎቹ ዓመታት ወይንን ሆምጣጤ የሚያደርገው ሌላ ዐይነት ሕያው ፍጥረት መሆኑን፣ ይህኛውም ሥራውን ለመሥራት አየር እንደሚሻ አሳየ። ምላሳችን ሆምጣጣን የሚያውቅበት በር ግን የተለየው ገና በቅርቡ ነው፤ «ኦቶፕ 1» የተባለ የምላስ ሴል ፕሮቲን ይህን ሥራ እንደሚሠራ የታወቀው በ2018 እና በ2019 በታተሙ ምርምሮች ነው። ከዚህ ሁሉ ለእኛ ጉዳይ አንዱን እንያዝ፤ ይኸውም የአየሩን ነገር። ሊጡና እርጎው ተከድነው ሳሉ ይሆመጥጣሉ፤ ጠላውና ወይኑ ግን ወደ ሆምጣጤነት የሚሄዱት ከፈሉ በኋላ አፋቸው ተከፍቶ ሲተው ነው።

ጊዜው ስለ ደረሰ ሆምጣጣነት አስቀድመን እንናገር፤ ዕለት ዕለት በመሶባችን የምናገኘው እርሱ ነውና። የጤፍ ዱቄት በውኃ ተለውሶ፣ እርሾ ተጨምሮበት፣ በቡሃቃ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቈያል። ባለሙያዋ እመቤት በላዩ የቋጠረውን ውኃ ታፈስሳለች፤ ከሊጡ ጥቂት ወስዳ በእሳት ላይ አብስላ አብሲት ትጥላለች፤ ኩፍ ሲል ትጋግረዋለች። ይህን እንጀራ ከማያውቅ አገር የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ሲቀምሰው ፊቱን ያጨማድዳል። እኛ ግን ሊጡ ሳይቦካ ቢጋገርልን አፍለኛ ነው እንላለን እንጂ ጣፈጠን ብለን አናመሰግንም። ሆምጣጣነቱ የሚያበላሹትን ተሐዋስያን ለጥቂት ቀን ያርቅለታል፤ መቡካቱም በጤፉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲቀበለው ይረዳል። ስለዚህ ይህ ሆምጣጣነት ጕድለት አይደለም፤ የእንጀራው ሙያ ነው። ነገር ግን የተጠበቀ ሆምጣጣነት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ቡሃቃው ተከድኗል፤ ቀኑ ተቈጥሯል፤ የበዛው ውኃ ፈስሷል፤ በመጨረሻም ምጣድና እሳት አለ። ይኸው ሊጥ ተረስቶ ሳምንት ቢያድር ማንም አይበላውም።

በሰው ጠባይም ይህን የሚመስል አለ፤ አማርኛችንም በደኅና ያውቀዋል። «ኮስታራ» ማለት ስድብ አይደለም። «ኮምጨጭ ያለ ሰው» ሲባል ጕቦ የማይበላ፣ ቃሉን የማያጥፍ፣ በዋዛ የማይዘነጋ ማለት ነው። ከሰውነት ክፍል ሁሉ መራራው ሐሞት ሆኖ ሳለ፣ ሕዝባችን ግን ጀግናውን «ሐሞተ ኮስታራ» ይለዋል፤ ልቡ የከዳውንም ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» ይለዋል። ከዚህ አነጋገር የምንረዳው፣ አባቶቻችን ጣፋጭ ብቻ የሆነውን ሰው ብዙም እንዳላመኑት ነው። በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ያደገ ሰው የኔታን ያስባል። የኔታ ቃል ሲሳሳት ፊታቸው ይለወጣል፤ የተቈጡትም ለራሳቸው ክብር ሳይሆን ለቃሉ ቀንተው ነው። ተማሪው ቃሉን አቅንቶ በመለሰ ጊዜ ቍጣው በዚያው ያበቃል። ቍጣቸው ወደ ቀጣዩ ትምህርት አያድርም፤ ወደ ሌላውም ተማሪ አይሻገርም። የእርሾ ምልክቱ ይህ ነው፤ ሥራውን ሠርቶ በእሳት ያልፋል።

የሌላው ዐይነት ምልክት በፊት ላይ ይታያል። አዲስ የተወለደ ሕፃን እንኳ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ሎሚ በከንፈሩ ቢነካው ከንፈሩን ያሞጠሙጣል፣ ዐይኑንም ይጨፍናል። ቂመኛና ነጭናጫ ሰው ፊቱ የሚመስለው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ የምላስን ስም ለጠባይ መስጠት የአማርኛችን ብቻ ልማድ አልሆነም። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪሙ ጋሌኖስ፣ የሰው ጠባይ በአራት ፈሳሾች ሚዛን የሚመራ ነው ከሚሉት ወገን ነበር፤ ኀዘንተኛ ያደርጋል ስለሚባለው ስለ ጥቍሩ ሐሞት ሲናገርም እንደ ሆምጣጤ ነው፣ ምድር ላይ ቢፈስስ ይፈላል ብሎ ጽፏል። የዛሬ ሕክምና ይህን የአራቱን ፈሳሾች ትምህርት ትቶታል፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ጋሌኖስ ያየው ፊት ዛሬም አለ። እኛ ስናስተውለው ልዩነቱ እንዲህ ነው፤ ሆምጣጣውን የዋጠ ሰው ፊቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በአፉ ያቈየው ሰው ግን ፊቱ እንደ ተጨማደደ ይቀራል።

አሁን ገና ስላልበሰለው እንናገር። ወጣቱ ዲያቆን ከትምህርት ቤት ወደ እናቱ ቤት ይመጣል። የተማረው ብዙ ነው፤ ያነበበው ግን ገና ጥቂት ነው። እናቱ በጾም ቀን ሰዓቱ ሳይደርስ ለታመመ የጎረቤት ልጅ ምግብ ስታቀርብ ቢያይ ይገሥጻታል፤ የአጎቱን ስግደት ይቈጥራል፤ የአያቱን ጸሎት ንባቡን ያርማል። የሚናገረው ነገር አብዛኛው ስሕተት አይደለም፤ ከሥርዐት መጻሕፍት ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን ጮርቃ ነው፤ ጥርስ ያጠርሳል። እንዲህ ያለውን ልጅ መንፈሳዊነት የሌለው ነው ብሎ መፍረድ የገበሬ ሥራ አይደለም፤ ገበሬ ጮርቃን ከግንዱ ቀጥፎ አይጥልም፤ ፀሐይና ጊዜ ይሰጠዋል። እኛን የሚያሳስበን ጮርቃው ተቀጥፎ ለገበያ ሲወጣ ነው፤ ማለት ገና ሳይበስል በዐውደ ምሕረት ሲቆም፣ የሌላውን ነፍስ እንዲመራ ሲሾም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አዲስ ያመነ ሰው ኤጲስ ቆጶስ እንዳይሆን የከለከለው (1ኛ ጢሞ. 3፥6) በትዕቢት እንዳይወድቅ ነው፤ የመንጋው ጥርስም እንዳይጠርስ ነው ብንል ከሐዋርያው አሳብ የምንወጣ አይመስለንም።

የጥርስን ነገር ካነሣን፣ በባቢሎን ምርኮ ዘመን በእስራኤል አፍ የነበረውን ተረት ማስታወስ ይገባል። አባቶቻችን ጮርቃ በልተው የእኛ ጥርስ ጠረሰ እያሉ በእግዚአብሔር ፍርድ ያጕረመርሙ ነበር። ኤርምያስ በምዕራፍ 31፣ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 ይህን ተረት ከአፋቸው አስጣሉት፤ ጮርቃ የበላ የገዛ ጥርሱ ይጠርሳል ተባለ። ይህን ንባብ ስለ በደልና ስለ ፍርድ ብቻ አድርገን እናስተምራለን። ነገር ግን ለጠባይም የሚናገረው አለ። አባቱ ሆምጣጣ በሆነበት ቤት ያደገ ልጅ ያንን ፊት እንደሚማር ማንም አይክደውም፤ ብዙ ሰውም ዕድሜውን ሁሉ «እኔን እንዲህ ያደረገኝ አባቴ ነው» እያለ ይኖራል። ነቢዩ ለዚህ ሰው የሚነግረው ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ በውነቱ ግን ነጻ ማውጣት ነው። የአባትህ ጮርቃ የአባትህ ነው፤ አንተ ዛሬ ምን እየበላህ ነው ማለቱ ነው።

ጊዜው ያለፈበት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ነው፤ በአንድ ወቅት ጥሩ ወይን ነበርና። መጥፎ ውኃ ሆምጣጤ አይሆንም፤ ሆምጣጤ የሚሆነው ወይን ነው። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በቤተ ሰብ ሆምጣጣ የሆኑትን ሽማግሌዎች ታሪክ ብንመረምር፣ ብዙዎቹ በወጣትነታቸው የፈሉ፣ የተጉ፣ ብዙ የሰጡ ሰዎች ናቸው። ደብሩን ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ሹመቱ ለሌላ የተሰጠበት መሪጌታ፣ ልጆቿን አሳድጋ በዓል ሲመጣ የሚጠይቃት ያጣች እናት፣ በእውነት መስክሮ በሐሰት የተከሰሰ ዳኛ፣ እነዚህ ሁሉ ምክንያት አላቸው። ጋኑ አፉ የተከፈተው በዚያች ቀን ነው። በደሉ ራሱ ሆምጣጤ አያደርግም፤ በደሉ የጋኑን ክዳን ያነሣል እንጂ። ሆምጣጤ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ ሳይከደን የሚያድርበት ሌሊት ብዛት ነው። ሐዋርያው በኤፌሶን መልእክት 4፥26 ፀሐይ በቍጣ ላይ እንዳትጠልቅ ያዘዘው ለዚህ ነው፤ ጌታችንም በማቴዎስ 5፥23 እና 24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ለዚህ ነው። በቅዳሴያችን ውስጥ ሕዝቡ ከመቍረቡ በፊት እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲሰጣጥ ዲያቆኑ ሲያዝዝ፣ ክዳንህን ተመልከት ማለቱ ነው። አንዳንዶቻችን ግን ያን ጊዜ በግራ ለቆመው እጅ ነሥተን በቀኝ ለቆመው ፊታችንን እናዞራለን።

ከዚህ ቀጥሎ ለእኛ ለጾመኞች የሚከብደውን ነገር ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 6 የጾመኛን ፊት ለይቶ አነሣ። ግብዞች መጾማቸው እንዲታወቅ ፊታቸውን ያጠወልጋሉና እናንተ ራሳችሁን ተቀቡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ አለ። የእኛ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዘወረደ ሳምንት ቤቱ ሁሉ ትጉህ ነው፤ በቅድስትም እንዲሁ። ከመጻጕዕ በኋላ ግን በብዙ ቤት ሌላ ነገር ይጀምራል። አባወራው ስለ ሽሮው ጨው ይቈጣል፤ ሠራተኛዪቱ በበር ማጋጨት ትሰደባለች፤ ልጆቹ «አባባ እየጾሙ ነው፣ አትጠጓቸው» ይባባላሉ። ልጆቹ ጾምን የሚያውቋት በዚህ ፊት ነው። ካደጉ በኋላ ከጾም ሲርቁ ሥጋና ወተት አታልሏቸው ነው እንላለን፤ እንዲህ የሆነባቸው አሉ፤ ሌሎቹ ግን የሸሹት ከዚያ ፊት ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ለጠብና ለክርክር የሚጾሙትን የገሠጸው እነዚህን ነው፤ እነዚያም ሰዎች ምግብ አልበሉም ነበርና ጾማቸው ሐሰት የሆነው በእንጀራ አልነበረም።

የበረሃው አባት ቅዱስ እንጦንስ ከዚህ ሁሉ የተለየ ምስክር ነው። ሕይወቱን የጻፈልን የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ ለእኛም አገር አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን እርሱ ነው። አትናቴዎስ እንደሚመሰክረው፣ እንጦንስ በብዙ ተጋድሎ ኖሮ ሳለ፣ ከማያውቁት ሰዎች መካከል አንዱ በመነኮሳት ጉባኤ ሊለየው ቢሻ በፊቱ ይለየው ነበር፤ በቁመት ወይም በግዝፈት ሳይሆን ከነፍሱ ዕርጋታ በወጣው የፊቱ ደስታ ነው። እንጦንስ ያረፈው በ356 ነው። በሌላም ስፍራ እንደ ተጻፈ፣ አንድ አዳኝ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አይቶ ተሰናከለ። ሽማግሌው ቀስትህን ገትር አሉት፤ ገተረ። ጨምረህ ገትር አሉት፤ ጨመረ። ደግሞም ሲሉት፣ ከልክ በላይ ከሳብሁት ይሰበራል ብሎ መለሰ። የወንድሞችም ነገር እንዲሁ ነው አሉት። ይህን ታሪክ የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ በሑዳዴ አምስተኛ ሳምንት የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ይመስሉናል።

ስለዚህ ሁልጊዜ ፈገግታን እንልበስ ማለታችን ነው እንዴ? አይደለም። በምሳሌ 25፥20 ለአዘነ ልብ የሚዘፍን ሰው በሆምጣጤ ተመስሏል፤ በሰባ ሊቃናት ትርጕም ደግሞ ይህ ሆምጣጤ በቍስል ላይ የሚፈስስ ነው። እንግዲህ በዚህ ንባብ ሆምጣጤ የተባለው ያዘነው ሰው አይደለም፤ ያለ ጊዜው የሚያስደስተው ሰው ነው። ልቅሶ ቤት ገብቶ ተረት የሚያበዛ፣ የሞተባትን እናት «ተዪው፣ ይህም ያልፋል» እያለ የሚያቻኵል ሰው፣ ምላሱ ማር ቢሆንም ሥራው የሆምጣጤ ነው። ይህም ያንኑ ቀድሞ ያልነውን ያጸናልናል፤ ነገሩ የጊዜ ነው።

ተግሣጽስ? ሎሚ ከላይ የተናገርነውን ሥርዐት የሚያፈርስ ፍሬ ነው፤ በስሎም ሆምጣጣ ነውና። ሕዝባችን ይወድደዋል፤ ጎበዝ በጥምቀት በዓል ለወደዳት ልጃገረድ የሚወረውረው ሎሚ እንጂ ብርቱካን አይደለም። ከሰውም ወገን እንዲህ ያለ አለ፤ በስሎ፣ ጊዜው ደርሶ፣ ቃሉ ግን የሚያጠርስ። ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት ሲቆም እንዲህ ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ መጠንቀቅ ያሻል። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የመርከብ ሐኪም፣ ድድ የሚያደማና ሰውነት የሚያልም በሽታ የያዛቸውን 12 መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈላቸው። በዚያ ዘመን ሆምጣጣ ነገር ለዚህ በሽታ መድኃኒት ነው ይባል ነበር፤ ስለዚህ ለሁለቱ ሆምጣጤ፣ ለሁለቱ በውኃ የቀጠነ ብርቱ አሲድ፣ ለሌሎች ሁለት ደግሞ ሎሚና ብርቱካን ሰጠ። ሎሚና ብርቱካን የበሉት ከሁሉ ቀድመው ፈጥነው ዳኑ፤ ሆምጣጤና አሲድ የጠጡት ግን አልዳኑም። በኋላ ዘመን እንደ ታወቀው፣ የፈወሳቸው ሆምጣጣነቱ ሳይሆን በሎሚው ውስጥ ያለው ቪታሚን ሲ ነበር። ናታንም ዳዊትን ያዳነው ፊቱን ስላኮሳተረ አይደለም። የድኻውን ሰው በግ ታሪክ አስቀድሞ ነገረው፤ ንጉሡ ራሱ እንዲፈርድ ተወው፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው አንተ ነህ አለው፤ ንስሓም በገባ ጊዜ እግዚአብሔር ኀጢአቱን እንዳራቀለት ለመናገር አልዘገየም። እኛ ካህናት ብዙ ጊዜ ሆምጣጤውን ይዘን ሎሚ ሰጠን እንላለን። ከዓመታት በኋላ ፈርቶ፣ ተንቀጥቅጦ ወደ ንስሐ አባቱ የመጣ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት የተኰሳተረ ፊት ካየ፣ የሚናገረው ትንሹን ኀጢአት ብቻ ነው፤ ትልቁን ይዞ ይመለሳል፤ ምናልባትም ዳግመኛ አይመጣም። ያ ሰው እስከ ሞቱ ቀን ተሸክሞት የሚኖረው ነገር በማን ላይ እንደሚጠየቅ እያንዳንዳችን ብናስበው ይገባል።

ወደ መስቀሉ እንመለስ። በወንጌል እንደ ተጻፈ ጌታ መጠጥ የቀረበለት በልዩ ልዩ ጊዜ ነው። ከመሰቀሉ በፊት ከሐሞት ጋር የተቀላቀለ ወይን ሰጡት፤ ማርቆስ ከርቤ የተቀላቀለበት ይለዋል፤ አልተቀበለም። ብዙ ሊቃውንት ይህ ሕመምን የሚያደነዝዝ ነበር ይላሉ። በመጨረሻ ግን ተጠማሁ ካለ በኋላ የቀረበለትን ሆምጣጤ እንደ ተቀበለ ዮሐንስ በ19፥30 መስክሯል፤ በመዝሙር 68 በነቢዩ የተነገረውም ተፈጸመ። ያ ሆምጣጤ በዚያ በዕቃ ተሞልቶ የተቀመጠው ወታደሮቹ የሚጠጡት ስለ ነበር ነው። ሮማውያን ሆምጣጣ ወይን በውኃ አቅጥነው «ፖስካ» ይሉታል፤ የወታደርና የድኻ መጠጥ ነው። የሚያደነዝዘውን እንቢ ብሎ ሆምጣጣውን ተቀበለ። ከዚያ በፊት በአፉ የተናገረው ምን ነበር? ለሰቃዮቹ ይቅርታ ለመነ፤ ለወንበዴው ገነትን ሰጠ፤ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ፣ ደቀ መዝሙሩን ለእናቱ አደራ አለ። ሆምጣጤው ወደ አፉ ገባ፤ ከአፉ ግን ሆምጣጤ አልወጣም። በሰሙነ ሕማማት ይህን ምዕራፍ ስናነብብ ስለ ወታደሮቹ ጭካኔ ብዙ እንሰብካለን፤ ስለ ተቀበለው አፍ ግን የምንለው ጥቂት ነው።

ሆምጣጤ በቅዱሳት መጻሕፍት የመከራ መጠጥ ብቻ ሆኖ አልተገኘም። በቤተ ልሔም እርሻ፣ በገብስ አጨዳ ወራት፣ አጫጆች በእኩለ ቀን እንጀራቸውን በሆምጣጤ እያጠቀሱ ይበሉ ነበር። ሞዓባዊቱ ሩት እንግዳና ድኻ ሆና ቃርሚያ ትለቅም በነበረ ጊዜ ቦዔዝ ወደ ማዕዱ ጠራት፤ ጕርሻዋን በሆምጣጤው እንድታጠቅስ ነገራት፤ የተጠበሰ እሸትም አቀበላት፤ በልታ ጠገበች፣ ተረፋትም (ሩት 2፥14)። የተረፋትን ወዴት እንደ ወሰደችው መጽሐፉ አልረሳም። በቤት የምትጠብቃት አማቷ ኑኃሚን ነበረች። ኑኃሚን ባልዋን አቤሜሌክን፣ ሁለቱን ልጆቿንም በሞዓብ ምድር ቀብራ ባዶ እጇን በተመለሰች ጊዜ፣ የከተማይቱን ሴቶች ኑኃሚን ብለው እንዳይጠሩአት፣ ማራ እንዲሉአት ጠይቃ ነበር፤ ኑኃሚን ደስ የምታሰኝ፣ ማራም መራራ ማለት ነውና። ለራሷ ያወጣችው ስም ይህ ነው፤ ምክንያቱም አልጐደላትም። ሴቶቹ በዚያ ቀን ስለዚህ ስም የመለሱላት ቃል አልተጻፈም። ሩት በመሸ ጊዜ ከአጫጆቹ ማዕድ የተረፋትን አውጥታ ሰጠቻት፤ የት እንደ ለቀመችም ስትጠይቃት ኑኃሚን የተመለከታትን ሰው ባረከች፤ ከሞዓብ ከተመለሰች ወዲህ በዚያ መጽሐፍ ከአፏ የምናገኘው የመጀመሪያ በረከት ይህ ነው። የመጽሐፉም ጸሐፊ እስከ ፍጻሜው ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ማራ ብሎ አልጠራትም፤ ጐረቤቶቿም ኢዮቤድ በተወለደ ጊዜ ሕፃኑ የተወለደው ለኑኃሚን ነው እያሉ ስም አወጡለት።